ችሎቱ የተከተለው ጥላ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ቀትር ላይ ከአንድ ረጅም ቋጥኝ ሥር ያርፉ ነበር። አባቶቻቸው ቦታውን የመረጡት በጥር ወር ነው። ያኔ ጥላው በሰሜን በኩል ስለነበር «በሰሜን በኩል እረፉ» ብለው አዘዙ። የሥርዓቱ ጠባቂ አያ ጅቦ ነበር። «በሌላ በኩል ያረፈ ለጠባቂው ራት ይሁን» የሚለውን ማን እንደጨመረበት እናንተው ገምቱ።

ታዲያ ግንቦት በመጣ ቁጥር በሰሜን በኩል ጥላ የሚባል ነገር አይገኝም። እንስሳቱ በፀሐይ እየተጠበሱ «እንዴት ደስ ይላል» ይባባላሉ። ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልክ ካለ አያ ጅቦ፣ «ጥላውማ አለ፤ አንተ እምነት አጥተህ ነው» ይለዋል።

አንድ ግንቦት አህያ ወለደች። ውርንጭላዋ በሙቀቱ ዝልፍልፍ ሲልባት አንጀቷ አልቻለም። በጋውን ሙሉ ጥላው እያጠረ ሲሸሽ አይታ ነበርና፣ ልጇን ይዛ ወደ ደቡብ በኩል ዞረች። ጥላው እዚያ ነበር።

በማግስቱ አንበሳ ለችሎት ተሰየመ፤ ያው በሰሜን በኩል፣ ፀሐይ ላይ።

«ይህች አህያ በደቡብ በኩል አረፈች፤ ፀሐይ መንገዷን ትቀይራለች ማለቷ ነው» አለ አያ ጅቦ፣ ምራቁን እየዋጠ። «አባቶቻችንን ውሸታም አደረገቻቸው። ለእኔ ትሰጠኝ።»

«እነሱስ አልዋሹም» አለች አህያ። «በጥር ያዩትን ተናገሩ። ፀሐይ ግን በጥር በደቡብ፣ በግንቦት በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ልጄ እየተቃጠለ ጥላው እዚህ ነው ብዬ አልዋሽም።»

እመት ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ፣ «ጌታዬ፣ የነፍስ ፍርድ እንዲሁ አይሰጥም። አያ ጅቦ ሥርዓቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ ያሰማን። እንደሱ የሚያውቀው የለም» አለች።

ጅብ ሲያሞግሱት መቼ ይችላል? ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ዜማም አከለበት። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። መጀመሪያ ጥንቸል ሹልክ አለች፤ ቀጥሎ ሚዳቋ፣ ከዚያ አህያ ከነልጇ። አንበሳ ትንሽ ታገሠ። ጎፈሩ ሲግል ግን እሱም ድምፁን አጥፍቶ ሄደ።

አያ ጅቦ ጨርሶ ዓይኑን ሲገልጥ ሜዳው ባዶ ነው። «ጌታዬ፣ የት ገቡ?»

«እዚህ ነን፣ ጥላው ውስጥ» አለ አንበሳ ከቋጥኙ ማዶ። «ና፣ ክስህን እዚህ ጨርሰው።»

ምን ያድርግ? እያለከለከ ዞረ። የቀረው ቦታ ከአህያ አጠገብ ብቻ ነበር። ጥላው ጀርባውን ሲነካው ክሱን ረሳና፣ «እፎይ፣ እንዴት ይቀዘቅዛል» ብሎ ዘርፈጥ አለ።

«በቃ፣ ፍርዱን ከሳሹ ራሱ ሰጠ» አለ አንበሳ። አህያ ልጇን ላሰችው፤ ውርንጭላውም ተነሥቶ ጡቷን ፈለገ።

ጥር ሲመለስ ጥላው ወደ ሰሜን ዞረ፤ እንስሳቱም አብረው ዞሩ። አባቶች እንዳልዋሹም ያኔ አዩ።

ከዚህ የምንማረው፣ አባቶቹን ማክበር የሚፈልግ እንደ እነሱ ዓይኑን ገልጦ ማየት እንዳለበት ነው።