ሃይድሮጂንና የበዳሶ ሞተር

ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ተረት ላውጋችሁ። ብረትም ነዳጅም እንደ ሰው በሚናገሩበት በዚያ በድሮ ዘመን፣ በአንድ ሐይቅ ዳር በዳሶ የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ከአያንቱ ጋር ይኖር ነበር። ያላቸው ሀብት አንድ የቲማቲም ማሳና ከሐይቁ ውሃ የሚስብ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ነው።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ናፍጣም ከአገሩ ጠፋ። ቲማቲሙ ለመቅላት ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ያላቸው አንድ የናፍጣ በርሜል ተጋመሰ።

«ደከመኝ፣ በዳሶ» አለ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ። «ይህ ናፍጣ አያደርሰንም።»

ሐይቁ ሰማና አዘነ። «በሆዴ ሃይድሮጂን የምትባል ልጅ አለችኝ። በፀሐይ ኃይል ከእኔ ለይታችሁ አውጧት፤ ታግዛችኋለች» አለ።

በዳሶ ኩምሳ የሚባል ብረት ሠራተኛ ጠራ። ኩምሳም ልጅቱን ከውሃው ለይቶ በቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ጋር አገናኛት።

«ስሙኝ» አለች ሃይድሮጂን። «እኔ ቀላል ነኝ፣ ችኩልም ነኝ። እሳት የሚለኩስልኝ ናፍጣ ነው። ጥቂት ጥቂት አስገቡኝ፤ ከበዛሁ ሞተሩን እሰብራለሁ።»

በመጀመሪያው ቀን በዳሶ ቧንቧዋን በጥቂቱ ከፈተ። ሞተሩ ዱግ ዱግ ዱግ አለ። ጭሱ ሳሳ፤ ናፍጣው ተቆጠበ፤ ቲማቲሙ ጠጣ። አያንቱም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

በሁለተኛው ቀን ጎረቤታቸው እማማ ደስቱ መጡ። «ልጄ በዳሶ፣ የኔም ሽንኩርት እየሞተ ነው። ትንሽ ውሃ ልቀቅልኝ» አሉት። በዳሶ እምቢ ማለት አልቻለም። ቧንቧዋን ጨመር አደረገ። ሞተሩ ዱግ ዱግ አለ፤ መሃል ላይ ኳ! አለ።

«ይበቃል» አለ ሞተሩ።

«ይበቃል» አለች ሃይድሮጂን።

በሦስተኛው ቀን መንደሩ በሙሉ ውሃ ሊለምን መጣ። ናፍጣው ደግሞ ከበርሜሉ ግርጌ ደርሷል።

«በዳሶ፣ ተው፣ ቧንቧዋን አትጨምር» አለች አያንቱ።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሰዉን ሂዱ ልበለው? ማሳው ሲሞት ቆሜ ልየው?»

ይህን ብሎ ናፍጣውን ቀነሰ፤ የሃይድሮጂንን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈተው።

«እንዲህ አንሼ ልይዛት አልችልም!» ብሎ ናፍጣ ጮኸ።

ኳ! ኳ! ኳ! የሞተሩ ሆድ ተሰነጠቀ። «በዳሶ፣ እኔ እኮ ሥራ እምቢ ብዬህ አላውቅም ነበር» አለና ዝም አለ። ዳግመኛም አልተነሣም። ሃይድሮጂን በስንጥቁ ሾልካ ወደ ሰማይ ወጣች። «ልጄ፣ ተመለሺ!» እያለ ሐይቁ ተጣራ፤ ማን ይያዛት?

ከዚያ ወዲያ በዳሶ ከማለዳ ጀምሮ በጄሪካን ውሃ ተሸከመ። የተክሉ መስመር አንድ ጫፍ ሳይረጥብ ሌላው ይደርቃል። ቲማቲሙ ሳይቀላ፣ አረንጓዴውን ከነግንዱ ጠወለገ። እማማ ደስቱ አልወቀሱትም። ከማሳው ዳር ተቀምጠው «ልጄ፣ በቃ ተወው» አሉት። እሱ ግን ጄሪካኑን አንሥቶ እንደገና ወደ ሐይቁ ወረደ።

እንግዲህ የኔ ተረት ይህ ነው፤ የሰማችሁ ለሌላው ንገሩ። ሊያግዝ የመጣውን «ሁሉን ተሸከም» የሚል ሰው፣ አጋዡንም ዋናውንም ያጣል። ጭንቀቱ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ብረት ለሰው ጭንቀት ብሎ አይራራም።