ተገልብጦ የገባው ጎማ

ተረቴን ልጀምር ነው፤ የሰማ ይያዝ፣ ያልያዘ አብሮኝ ይድገም።

በአዳማ ከተማ አጥናፉ የሚባል ሰው ነበር። ጎማ ቤት ውስጥ የመኪና አላይመንት ያስተካክላል፤ የጠመመ ጎማ ያቃናል። ሾፌሩ ሁሉ፣ «አጥናፉ ያላቃናውን ማንም አያቃናው» ይለዋል፤ እሱም ሲሉት ደስ ይለዋል። ማኅደር የምትባል ልጅ አለችው። ማኅደር ደግሞ በሪሞት የምትነዳ፣ ጫማ የምታህል መኪና አለቻት። ይህች መኪና በቀጥታ ለመሮጥ የተሠራች አይደለችም፤ ጎማዋ ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆነ ልስን ሲሚንቶ ላይ ጎኗን ሰጥታ እየተንሸራተተች ነው የምትዞረው። የማኅደር ምኞት ትንሽ ናት፦ እሑድ ከሰዓት፣ ጓደኞቿ ፊት፣ መሬት ላይ በቆመ ጠርሙስ ዙሪያ አንዲት ዙር። አንዲት ብቻ።

መኪናዋ ግን አልዞር አለች። ለምን? አጥናፉ ያውቃል። ማኅደር ትምህርት ቤት ሳለች ሪሞቱን አንሥቶ በረንዳው ላይ «ቩ! ቩ!» እያለ ሲጫወት መኪናዋን ከደረጃው ጣላት። የፊት ግራ ጎማዋ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዞረ። አፈረና ዝም አለ። ውሎ አድሮ ጎማው በውጭ ጎኑ መበላቱን አየ። አሁንም አፈረና፣ የተበላው እንዳይታይ ገልብጦ አስገባው። ልጅቱ፣ «አባዬ፣ አላይመንቷን እስኪ እይልኝ» ስትለው ደግሞ፣ «አይቻታለሁ፣ ልክ ናት። እጅሽን አለማምጂው» አላት። እግዜር ይቅር ይበለው።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን በረንዳው ላይ ቁጢጥ አለና፣ «መኪናዬ፣ ለልጄ ዙሪላት» አላት።

«አልዞርም» አለች መኪና። «ጎማዬን ጠይቀው። እንደ ሳሙና መንሸራተት ሲገባው እንደ አህያ ይገትረኛል።»

ወደ ጎማው ሄደ። «ጎማዬ፣ መኪናዋን አንሸራትታት። መኪና ለልጄ አትዞርም።»

«አላንሸራትትም» አለ ጎማ። «አንዱ ጎኔ ሲበላ ሌላውን አስበላኸኝ። ቸርኬው ሳይቀና እኔ ምን ላድርግ?»

ወደ ቸርኬው ሄደ። «ቸርኬዬ፣ ጎማውን አቃናው። ጎማ መኪና አያንሸራትትም፣ መኪና ለልጄ አትዞርም።»

«አላቃናም» አለ ቸርኬ። «የመሪው ዘንግ ወደ ውስጥ ጎትቶ ይዞኛል። እሱን ለምነው።»

ወደ ዘንጉ ሄደ። «ዘንግዬ፣ ቸርኬውን መልሰው። ቸርኬ ጎማ አያቃናም፣ ጎማ መኪና አያንሸራትትም፣ መኪና ለልጄ አትዞርም።»

«አልመልስም» አለ ዘንግ። «ብሎኑ አንቆኛል። ደግሞስ ከደረጃ የወደቅሁት በራሴ እግር ነው እንዴ?»

አጥናፉ ጆሮው ቀላ። ወደ ብሎኑ ሄደ። «ብሎኔ፣ ዘንጉን ልቀቀው። ዘንግ ቸርኬ አይመልስም፣ ቸርኬ ጎማ አያቃናም፣ ጎማ መኪና አያንሸራትትም፣ መኪና ለልጄ አትዞርም።»

«አልለቅም። ካቻቪቴ ሳይፈታኝ የት እሄዳለሁ?»

ሚስቱ አስካለ ከውስጥ ሆና፣ «አጥኔ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችው።

«ከብሎን ጋር።»

«እመብርሃን ትድረስልህ» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ወደ ካቻቪቴው ሄደ። «ካቻቪቴዬ፣ ብሎኑን ፍታው። ብሎን ዘንግ አይለቅም፣ ዘንግ ቸርኬ አይመልስም፣ ቸርኬ ጎማ አያቃናም፣ ጎማ መኪና አያንሸራትትም፣ መኪና ለልጄ አትዞርም።»

«አልፈታም። እጅ ሳይጨብጠኝ እኔ ብረት ነኝ።»

ወደ ገዛ እጁ ዞረ። «እጄ፣ አንተ እንኳ የራሴ ነህ፤ ካቻቪቴውን ጨብጠው። ካቻቪቴ ብሎን አይፈታም፣ ብሎን ዘንግ አይለቅም፣ ዘንግ ቸርኬ አይመልስም፣ ቸርኬ ጎማ አያቃናም፣ ጎማ መኪና አያንሸራትትም፣ መኪና ለልጄ አትዞርም።»

«አልጨብጥም» አለ እጅ። «ባለፈው በስውር ገልብጥ አልከኝ፣ ገለበጥሁ። አሁን ደግሞ በስውር አቃና ልትለኝ ነው? መጀመሪያ አፍህ እውነቱን ይናገር።»

አጥናፉ አፉን ለመነ። አፍ ግን፣ «ምን ብዬ?» አለው። «የልጅ አባት ሆኜ ቩ ቩ ስል ጣልኳት ልበል? የአገሩን መኪና ያቃናሁ ሰው የልጄን ጎማ ደበቅሁ ልበል? አልናገርም!»

አፍ እውነት አልናገርም አለ፣ እጅ ካቻቪቴ አልጨብጥም አለ፣ ካቻቪቴ ብሎን አልፈታም አለ፣ ብሎን ዘንግ አልለቅም አለ፣ ዘንግ ቸርኬ አልመልስም አለ፣ ቸርኬ ጎማ አላቃናም አለ፣ ጎማ መኪና አላንሸራትትም አለ፣ መኪና አልዞርም አለች። አጥናፉ እዚያው ተቀመጠ።

ይኼኔ ማኅደር መጣች።

«አባዬ፣ መኪናዋን ለአክስቴ ልጅ ልሰጣት ነው።»

«ለምን?»

«መኪናዋማ ምን አላት? አንተ አይተሃታል፣ ልክ ናት ብለሃል። ጠማማው የእኔ እጅ ነው።» ይህን ብላ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

አጥናፉ የተደበቀውን እጅ አየ። የገዛ ነውሩን ልጁ ላይ አኑሮታል ለካ! አፉ ሳያስፈቅደው ተከፈተ።

«እጅሽ ደህና ነው። እኔ ነኝ፣ ስጫወትባት ከደረጃ የጣልኳት። ጎማውንም የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ያልኩሽ ውሸት ነው።»

ማኅደር የደበቀችውን እጇን አወጣች።

«እያወቅህ ነው እጅሽን አለማምጂ ያልከኝ?»

«አዎ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም። ካቻቪቴውን አንሥታ ሰጠችውና፣ «በል አቃናት። እኔ እያየሁ» አለችው።

አፍ እውነት ቢናገር፣ እጅ ካቻቪቴ ጨበጠ፤ ካቻቪቴ ብሎን ፈታ፤ ብሎን ዘንግ ለቀቀ፤ ዘንግ ቸርኬ መለሰ፤ ቸርኬ ጎማ አቃና። ጎማው ግን በሁለቱም ጎኑ ተበልቶ አልቋልና፣ አባትና ልጅ ከፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ሁለት ቀለበት ቆርጠው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ለፊት ቸርኬዎቹ አለበሱ። እሑድ ከሰዓት አዲሱ ጎማ መኪና አንሸራተተ፤ መኪናም ለማኅደር ዞረች። ጠርሙሱ ሳይነካ ዙሩ ሞላ!

«እንዴ! እኛ እኮ እጇ አይረባም ስንል ነበር» አለ አንዱ ጓደኛዋ።

አጥናፉ ከኋላ ቆሞ ነበር። አንገቱን እንደደፋ፣ «እጇ አይደለም። እኔ መኪናዋን ስጫወትባት ጥያት ነው» አለ።

«ጋሼ ይጫወታሉ!» ብለው ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አጥናፉ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ግን አልሄደም። ማኅደር ዞር ብላ አየችውና፣ ሁለተኛውን ዙር ጀመረች።

ተረቴ እዚህ ቆመ፤ የእናንተንም የእኔንም አፍ እግዜር በጊዜው ይክፈትልን።