ዓመት ያልነበረው የጓያ ጥናት

ስሙኝማ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ጭራው ግን ረጅም ነው።

ቢተው የሚባል ተማሪ ነበር። የፈለገው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ አንድ የቆየ የጓያ ጥናት የታተመበትን ዓመት። ሁለት መቶ አሥር የጥናት ጽሑፎች ሰብስቦ ላፕቶፑ ላይ በዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌር አስቀምጧል። የእያንዳንዱ ደራሲ፣ ርዕስና ዓመት ተመዝግቦ ሁሉም በየፎልደሩ ገብቷል። ያ የጓያ ጥናት ግን የፊት ገጹ የጠፋ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ «ያልተመደበ» በሚለው ውስጥ ብቻውን ቀርቷል። ቢተው ባየው ቁጥር ዓይኑን ያሸሻል። እሱም እናቱ ከሞተች ጀምሮ ከዘመድ ዘመድ ሲዞር፣ «ለዛሬ እዚህ ጥግ ተኛ» እየተባለ ነው ያደገው።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሄዷል፤ ዶርሙ ሰኞ ይዘጋል። የመመረቂያ ጽሑፉ ዛሬ ከተፈረመበት፣ ሰኞ አንድ የዘር ምርምር ጣቢያ ሥራና ማደሪያ ይሰጠዋል። ካልተፈረመበት የሚሄድበት ቤት የለውም።

አማካሪው ዶክተር ላቀው የመጨረሻውን ገጽ አዩና ብዕራቸውን ከደኑ።

«ይኼ ምንድን ነው? ‹ዓመቱ ያልታወቀ›? አልፈርምም። ዓመቱን አምጣ።»

ወደ ሶፍትዌሩ ተመለሰ። «ዓመቱን ስጠኝ፤ ዶክተሩ ያለ ዓመት አይፈርሙም።»

ሶፍትዌሩም ባዶውን ሳጥን እያሳየ፣ «የሰጠኸኝን አስቀምጣለሁ፤ ያልሰጠኸኝን ከየት ላምጣ? የፊት ገጹን አሳየኝ» አለው።

ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። «እትዬ እታፈራሁ፣ የጓያው ጥናት የወጣበትን መጽሔት እንድፈልግ የድሮ መጽሔቶቹን ክፍል ይክፈቱልኝ። ሶፍትዌሩ ያለ ፊት ገጽ ዓመት አይሰጥም፤ ዶክተሩ ያለ ዓመት አይፈርሙም።»

«ያለ ደብዳቤማ አልከፍትም፣ የኔ ልጅ። ባለፈው አንዱን አምኜ ብከፍትለት ሦስት መጽሔት ይዞብኝ ጠፋ።»

ወደ ትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ሄደ። «ትርንጎ፣ ደብዳቤ ጻፊልኝ። እትዬ እታፈራሁ ያለ ደብዳቤ አይከፍቱም፤ ሶፍትዌሩ ያለ ፊት ገጽ ዓመት አይሰጥም፤ ዶክተሩ ያለ ዓመት አይፈርሙም።»

«ኧረ ቀስ! ትንፋሽህ ይቆረጣል» ብላ ሳቀች። ጻፈችለት። «ግን ያለ ማኅተም ባዶ ወረቀት ነው፤ አልሰጥህም። ማኅተሙ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ነው።»

መሳቢያውን ሳበው። «መሳቢያ ሆይ፣ ተከፈትልኝ! ትርንጎ ያለ ማኅተም ደብዳቤ አትሰጥም፤ እትዬ እታፈራሁ ያለ ደብዳቤ አይከፍቱም፤ ሶፍትዌሩ ያለ ፊት ገጽ ዓመት አይሰጥም፤ ዶክተሩ ያለ ዓመት አይፈርሙም።»

መሳቢያው ንቅንቅ አላለም። የሚሰማው ቁልፍን ብቻ ነው።

«አለቃችን መስክ ሲወጡ ቁልፉን ለጋሽ ዘውገ ነው የሚተዉት» አለች ትርንጎ። «ከሕንፃው ጀርባ አግዳሚው ላይ አታጣቸውም።»

ጋሽ ዘውገ የቢሮዎቹ ጥበቃ ናቸው፤ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ። ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። አልነኩትም፤ መንገድ መንገዱን ያያሉ።

«ጋሽ ዘውገ፣ ቁልፉን ይዘው ይነሡልኝ። መሳቢያው ያለ ቁልፍ አይከፈትም፤ ትርንጎ ያለ ማኅተም ደብዳቤ አትሰጥም፤ እትዬ እታፈራሁ ያለ ደብዳቤ አይከፍቱም፤ ሶፍትዌሩ ያለ ፊት ገጽ ዓመት አይሰጥም፤ ዶክተሩ ያለ ዓመት አይፈርሙም።»

«እኔ ሳልበላ አልነሣም። ብቻዬን ደግሞ አልበላም። ና፣ እንብላ።»

«በልቻለሁ።»

አልበላም ነበር። በአጎቱ ቤት ምግብ የሚሰጠው ሁሉም በልቶ ከተነሣ በኋላ፣ በር ሥር፣ ጉርሻው እየተቆጠረ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰው ምግብ ላይ እጁን አልዘረጋም። ማንም «እንብላ» ቢለው መልሱ ይቺው ናት።

«እንግዲያው ተያይተን እንውላለን» አሉ ሽማግሌው።

«ጋሼ፣ ጊዜ የለኝም።»

«እኔ ደግሞ ሰው የለኝም። ና አልኩህ፣ በሞቴ!»

ቢተው ቆመ። ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲባባሉ ሰምቷል እንጂ፣ እሱን «በሞቴ» ያለው ሰው አልነበረም። ተቀመጠ። ሽሮው ቀዝቅዟል። ሽማግሌው ጠቅልለው አጎረሱት።

«አንድ ያጣላል!» ብለው ደገሙት።

ቢተው በልማዱ ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተወ።

ጋሽ ዘውገ ጠግበው ተነሡ። ቁልፉ መሳቢያውን ከፈተ፤ መሳቢያው ማኅተሙን ሰጠ፤ ትርንጎ ደብዳቤው ላይ መታችበት፤ ደብዳቤው የእትዬ እታፈራሁን በር አስከፈተ፤ የፊት ገጹ ከአቧራው ወጣ፤ ሶፍትዌሩ ዓመቱን ተቀበለ፤ ዶክተር ላቀውም ብዕራቸውን ከፍተው ፈረሙ። ቢተው የጓያውን ጥናት «ያልተመደበ» ከሚለው አውጥቶ ከመሰሎቹ ጋር አስገባው።

ሰኞ፣ በምርምር ጣቢያው፣ ምሳ ሰዓት ሆነ። ማንም አያውቀውም። ቢተው ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አልነካውም፤ መንገድ መንገዱን ያያል። አንድ የመስክ ሠራተኛ አካፋ ተሸክሞ ብቅ አለ።

«እንብላ!»

«ብላ ወንድሜ፣ በልቻለሁ» አለ ሰውየው ሳይቆም።

ቢተው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«በሞቴ!»