የእንወይ ምዝገባ

«እማዬ፣ የት ሄደ?» አለችኝ ልጄ እንወይ፣ ስልኩን ወደ እኔ እያዞረች። ዛሬ በሰፈራችን ሰው ሁሉ የሚተርታት አንዲት አባባል አለች፤ ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ትነሣለች፤ የሚስቁባትም ብዙ ናቸው። እኔ ግን ስሰማት አንገቴን እደፋለሁ፤ የወጣችው ከእኔ ቤት ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንወይ የነርስ ትምህርት ቤት ለመግባት በስልክ ትመዘገብ ነበር። ምዝገባው ጠዋት ተከፍቶ ቦታው እስኪሞላ ብቻ ነው፤ የቀደመ ይገባል፣ የዘገየ ይቀራል። ልጄ ፎቶዋን፣ ውጤቷን፣ የተወለደችበትን ቀበሌ፣ ሁሉንም ሞልታ መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች። «አረጋግጥ» የምትለውን መጫን ብቻ ቀራት። እኔ በዚያ ዓመት የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ለይቻለሁ። ልታስደስተኝ ብላ፣ «ይህችን የታችኛዋን መስመር አንቺ አንብቢልኝና እጫነዋለሁ» አለችኝ።

ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድሁ ጀመርሁ። «ለመ... ለመመ... ለመመለስ...»

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሸጋው ከባሕር ዳር መጥቶ እኛ ዘንድ አድሮ ነበር። ጎረቤታችን እማማ ዘርትሁንም መደቡ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«አንቺ ተማሪ! እስክትጨርሺ እኮ ልጅቷ ታረጃለች» ብሎ ሳቀ ጋሼ ሸጋው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን ጋለ፤ የያዝሁት መስመርም ጠፋኝ። «ለመሆኑ የትኛውን ክፍል ነው የመረጠችው? እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብዬ ልይላት፤ አምጪው።»

«ጋሼ፣ ጨርሻለሁ እኮ» አለች እንወይ።

«አምጪው እንጂ! ታላቅ ሳያየው ይላካል?»

ታላቅ፣ ያውም እንግዳ፣ እምቢ አይባልም። ዓይኗ እኔ ላይ እንደ ቀረ በሁለት እጇ አቀበለችው። እኔ አንገቴን አስግጌ መስመሬን ፈለግሁ። «ለመመለስ... የገጹን... ቀስት...» እያልሁ ሳለሁ ጋሼ ሸጋው የስልኩን መመለሻ ተጫነው።

«እንኳን ደህና መጡ» የሚለው የመጀመሪያው ገጽ ብቅ አለ። ሳጥኑ ሁሉ ባዶ ነበር። ልጄ «የት ሄደ?» ያለችኝ ያኔ ነው።

«ኔትወርኩ ነው» አለ ጋሼ ሸጋው፤ ስልኩንም እንደሚሰበር ዕቃ ቀስ አድርጎ መደቡ ላይ አኖረው።

እንወይ እንደገና መሙላት ጀመረች። ግማሽ ሳትደርስ «ቦታው ሞልቷል» አላት። ወዲያው ጓደኛዋ ትብለጥ «ተመዘገብሁ!» እያለች እየዘለለች ገባች፤ ፊታችንን አይታ ቆመች። የሆነውን ስንነግራት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳችን።

«እትዬ፣ እንደ ደብተር ገጽ እኮ አይደለም። ሌላ ገጽ የመጣ ይመስላል እንጂ ያው አንዱ ነው፣ ልብሱን እየቀያየረ የሚታየን። ውስጥ ለውስጥ ለመመለስ የራሱ ቀስት አለው። የስልኩ መመለሻ ይህን አያውቅም፤ ጭራሽ ያስወጣል።»

እማማ ዘርትሁን ምስሩን ትተው ያዳምጡ ነበር። «እንግዲያ ቤቱ አንድ፣ ክፍሉ ብዙ፣ የጓዳው በር ሌላ፣ የደጁ በር ሌላ ነው በይኛ» አሉ።

ጋሼ ሸጋው ቁርሱን ሳይጨርስ ተነሣ። እኔን የወቀሰኝ ሰው የለም፤ እንወይም አልወቀሰችኝም። ያቺን መስመር ሳልደናቀፍ ባነባት ኖሮ ግን ስልኩ ከእጇ ሳይወጣ ልጄ ጨርሳ ነበር። እስከ ዛሬ ሰው ፊት ነይ አንብቢ ስባል ላብ ያጠምቀኛል።

ትምህርት ሲጀመር ትብለጥን ልንሸኝ ከእማማ ዘርትሁን ጋር መናኸሪያ ወረድን። ሻንጣዋን የተሸከመችላት እንወይ ናት። አውቶቡሱ ትብለጥን ይዞ ሄደ፤ እንወይ እጇን እያውለበለበች ከእኔ ጋር ቀረች። አንዲት የማናውቃት ሴት «ይህችስ ልጅ ምነው ቀረች?» ብትለኝ እማማ ዘርትሁን ናቸው ነጠላቸውን እያጣፉ የመለሱልኝ፦ «ምን ይደረግ እናቴ፣ ወደ ጓዳ ልመለስ ያለ ደጅ ተገኘ።»