አርባ የሚባለው መዋኛ

የወይናምን ከተማ ሰው የዋና ስታዲየሙ በየት በኩል ነው ብላችሁ ብትጠይቁት «አርባን ነው?» ብሎ መልሶ ይጠይቃችኋል። እንግዳ ሰው የገንዳው ርዝመት አርባ ሜትር ይመስለዋል፤ አይደለም፣ ለዓለም አቀፍ ውድድር የተሠራ ነውና ልክ አምሳ ሜትር ነው። ሦስቱ ግድግዳዎቹ በሰማያዊ ሴራሚክ ያብረቀርቃሉ፣ የራስጌው ግድግዳ ግን የመሮ ጠባሳ እንደያዘ ዕርቃኑን ቆሟል፤ ስንት አስተዳዳሪ ሲመጣ ሲሄድ ያለበሰው የለም።

እንደሚነገረው ይህን ስታዲየም ያሠሩት ቀኛዝማች አጥላባቸው የሚባሉ የአገሩ ገዢ ነበሩ። ከሰባት አገር ዋናተኛ ጠርተው፣ ድንኳን አስተክለው፣ ማርሽ ባንድ ከሩቅ አስመጥተው፣ ስማቸው ባሕር ተሻግሮ እንዲሰማ ቋምጠው ነበር ይባላል። ገንዳውን የገነባው ደባልቄ የተባለ ስመ ጥር ግንበኛ ነው። ደባልቄ ዕድሜ ልኩን ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው ነውና፣ እንደ ቤት ግንበኛ ደንብ ልኩን የወሰደው ከልስኑ በፊት፣ በባዶው ግድግዳ ላይ ነበር። ቤት ቢሆን ማን ልብ ይለዋል! ልስኑና ሴራሚኩ በራስጌው ግድግዳ ላይ ሲደረብ ግን ከአምሳው ሜትር ላይ አራት ጣት በላ።

ይህ የታወቀው ውድድሩን የሚዳኘው ፈረንጅ የብረት ሜትሩን ይዞ በመጣ ዕለት ነው፤ ለውድድሩ ሃያ ቀን ሲቀረው። ዳኛው ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «በመክፈቻው ጠዋት ደግሜ እለካለሁ፤ ካልሞላ ውድድር የለም» ብሎ ሄደ። ገንዳውን አድርቆ ግድግዳውን መፈልፈል ቀላል በሆነ፣ ግን ውሃው ከጠለል ምንጭ በቦይ ተጠልፎ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሲንጠባጠብ የሞላ ነው። ቀኛዝማቹ ደባልቄን አስጠርተው አንድ ነገር ብቻ አሉት ይባላል።

«በአራት ጣት አዋርደኸኛል። ውሃው አይነካም። ጠልቀህ ፈልፍለው።»

«ጌታዬ፣ ዋና አላውቅም እኮ።»

«ሳታውቅም ትሰምጣለህ አይደል? ለሥራው የሚፈለገው መስጠም ነው።»

አሽከሮቹ ሳቁ አሉ። ሳቅ አያልቅባቸው!

የደባልቄ ሚስት አመለወርቅ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አሸርጣ ገንዳው ዳር መጣች፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ቤቷን ረሳች። መሮ የያዘ ሰው ውሃ ውስጥ ሽቅብ ይንሳፈፋል እንጂ አይቆምም፣ ስለዚህ ደባልቄ ወገቡ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ አሰረ፤ ድንጋዩ የሚያሰምጠው እሱን ነበር፣ የምታወጣው ግን በገመድ እሷ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን እየቆጠረች ጠበቀችው፤ አርባ ላይ ስትስበው በአፍንጫው ደም እየወረደ ወጣ።

«አመሌ፣ ከአርባ እንዳታሳልፊኝ፤ ትንፋሼ እዚያ ላይ ያልቃል» አላት።

«አንተ ደግሞ! እኔ እያለሁ?» አለችው።

ሃያ ቀን እንዲሁ ሆነ። ሲሚንቶው የጣቶቹን ቆዳ በላው፣ ጆሮው መግል አወጣ፣ የእሷም መዳፍ በገመዱ ተላጠ። ስንት ሺህ ጊዜ አርባ እንደቆጠረች እሷም አታውቀውም። አንዴ እንኳ ግን አርባ አንድ አላለችም፤ ለዚህ የከተማው ሰው ሁሉ ምስክር ነው።

የመክፈቻው ጠዋት ደረሰ። በሰባተኛው መስመር ላይ አንዲት ሴራሚክ ብቻ ቀርታ ነበር፣ ደባልቄም እሷን ሊነቅል ለመጨረሻ ጊዜ ወረደ። አመለወርቅ ሃያ ስምንት ላይ ስትደርስ የእንግዶቹ መኪና በበሩ ገባ። ቀኛዝማቹ ዞር ቢሉ በተሸለመው ገንዳ ዳር አንዲት ጭቃ የለበሰች ሴት ገመድ ይዛ ጮክ ብላ ትቆጥራለች።

«ይቺን አንሱልኝ፤ ገመዱንም ከእንግዳ ዓይን ሰውሩት» አሉ።

ሁለት ዘበኞች ክንዷን ያዙ፤ ሦስተኛው ገመዱን ጠቅልሎ ወደ ውሃው ወረወረው። በዚያው ቅጽበት ባንዱ የክብር ሰላምታውን ጀመረ። የክብር ሰላምታ ሲመታ የተንቀሳቀሰ ሰው በቀኛዝማች አጥላባቸው አገር ይገረፍ ነበርና፣ ዘበኞቹ እንደያዟት፣ ሕዝቡ እንደቆመ፣ ዋናተኞቹም ምኑም ሳይገባቸው ደረታቸውን ነፍተው ደረቁ።

«አርባ!» አለች አመለወርቅ። «አርባ ደርሷል፣ ጌታዬ! የእግዜር ያለህ፣ ሰው አለ ውሃው ውስጥ!»

መለከቱ ዋጣት። ቀኛዝማቹ ሰምተዋል፤ ዓይናቸው ወደ ውሃው ሄዶ ተመልሷል፣ እጃቸው ግን ከግንባራቸው አልወረደም ይባላል። እሷም ሌላ የምታደርገው ቢጠፋት መቁጠሯን ቀጠለች፣ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ ስልሳ፣ ዘጠና፤ ባንዱ ሰላምታውን ሲጨርስ መቶ ሰባ ላይ ነበረች። ያኔ ዳኛው ሜትሩን ዘረጋ። ልክ አምሳ ሆነ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። አቤት ጭብጨባ! ዋናተኞቹ በደባልቄ ላይ ሄደው በደባልቄ ላይ ተመለሱ። እሱን ያወጡት ዋንጫው ከተሰጠ በኋላ ነው፤ መሮው በአንድ እጁ፣ ያቺ ሴራሚክ በሌላው። ለቀኛዝማቹ በዚያው ወር ማዕረግ ተጨመረላቸው።

በሁለተኛው ዓመት ውድድሩ ሲመለስ አመለወርቅ ጥቁሯን ለብሳ፣ ያንኑ ገመድ ይዛ፣ በሰባተኛው መስመር ራስጌ ቆመች። ዘበኞቹ ተያዩ፤ አንዱም አልቀረባት። ባንደኞቹም መለከታቸውን ወደ አፋቸው አንስተው መልሰው አወረዱት ይባላል። ገመዱን ወደ ውሃው ጣለችና በዚያ ዝምታ ውስጥ ቀኛዝማቹን እያየች፣ ከአንድ ጀምራ እስከ አርባ ቆጠረች።

እስከ ዛሬ በወይናም መዋኛ ማርሽ አይመታም። ከደባልቄ ዘር የሆነች አንዲት ሴት መጥታ ገመዱን በሰባተኛው መስመር ትጥላለች፣ በዚያ መስመር የሚዋኝ የለምና። ሕዝቡ ቆሞ አብሯት ይቆጥራል፣ የውጭ አገር ዋናተኞችም ቁጥሩን ተምረውት አብረው ይላሉ። አርባ ሲባል ሴትየዋ ባላት ጉልበት ሁሉ ትስባለች፤ ሰው ያለበት ይመስል። ገመዱም ውሃ እያንጠባጠበ ባዶውን ይወጣል፣ ዋናተኞቹ የሚዘልሉት ያን ጊዜ ነው።