የሬሲያቶ ፍራሽ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ የላም በረታችሁን ክፈቱልኝ። ደክሞኛልና ቁጭ ብዬ ነው የምነግራችሁ።

በማሳይ አገር፣ ከመንገድ ሁሉ ርቆ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ሬሲያቶ የምትባል ተማሪ እዚያ ለማደር አንድ ፍራሽ ፈለገች። ቤቷ የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ ዝሆንም አለበት። አባቷ «ዛሬ መኝታ ካላገኘሽ ነገ መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ትምህርቱም ይቅር» ብሏታል።

የትምህርት ቤቱን አልጋ «አስተኛኝ» ብላ ለመነችው። አልጋው «ያለ ፍራሽ አላስተኛም» አለ። ፍራሹ ደግሞ ትምህርት ቤቱን ሊረዱ ከከተማ በመጡ በጎ ፈቃደኞች መኪና ላይ ነው። መኪናው ደረቁ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ይዞታል።

በፀሐይ ወንዙ ድረስ ሄደች። በጎ ፈቃደኞቹ ጎማ ሥር ድንጋይ ሲሰኩ ውለው ተዘርረዋል። አለቃቸው ሙምቢ «እህቴ፣ አቅማችን አልቋል። አህዮች ካልጎተቱት አይወጣም» አለቻት።

አልጋው ያለ ፍራሽ አያስተኛ፣ ፍራሹ ያለ መኪና አይመጣ፣ መኪናው ያለ አህያ አይወጣ። ሬሲያቶ እግሯን እየጎተተች አህያ ያላቸው እማማ ኖላሪ ዘንድ ሄደች።

«ልጄ፣ አህዮቼ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም» አሏት። «የዛሬው የጉድጓድ ተራ የላሞች ነው። ተራ የሚለውጡት የጉድጓዱ ሽማግሌ አባባ ኮይኔት ብቻ ናቸው።»

አልጋው ያለ ፍራሽ አያስተኛ፣ ፍራሹ ያለ መኪና አይመጣ፣ መኪናው ያለ አህያ አይወጣ፣ አህያው ውኃ ካልጠጣ አይጎትት፣ ውኃው ያለ ተራ አይቀዳ። ምን ታድርግ፣ ሄደች።

አባባ ኮይኔት በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። «ተራ የምለውጠው ለእንግዳ ነው» አሉ። «እነዚያ ሰዎች በደጄ ሲያልፉ ከመኪና ሆነው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። አንድም ቀን ወርደው የመንገዳቸውን ወሬ አልነገሩኝም። ወሬውን ያልነገረኝ ሰው እንግዳዬ አይደለም።»

ሬሲያቶ መሄጃ አልነበራትም። በልጅ የሰላምታ ወግ አንገቷን ደፋች፤ እሳቸውም እጃቸውን አናቷ ላይ አሳረፉ። ከዚያ እግራቸው ሥር ዘጭ ብላ «እንግዲያው ወሬውን እኔ ልንገርዎት» አለች።

«አልጋው ያለ ፍራሽ አያስተኛ።»

«እሺ» አሉ ሽማግሌው።

«ፍራሹ ያለ መኪና አይመጣ፣ መኪናው ያለ አህያ አይወጣ።»

«እሺ።»

«አህያው ውኃ ካልጠጣ አይጎትት፣ ውኃው ያለ ተራ አይቀዳ፣ ተራው ያለ እርስዎ አይለወጥ። እኔም ያለ ፍራሽ ከነገ ጀምሮ አልማርም። ደከመኝ፣ አባባ።»

አባባ ኮይኔት «ወሬ ማለት ይህ ነው» አሉና ተነሡ።

ሽማግሌው ተራውን ለወጡ፣ አህያው ውኃውን ጠጣ፣ መኪናው ከአሸዋው ወጣ፣ ፍራሹ መጣ። ሙምቢ ግን የሽማግሌውን ቅሬታ ከሬሲያቶ ሰምታ መኪናውን ደጃቸው አስቆመች፤ አሸዋዋን ሳታራግፍ ወርዳ ተቀመጠችና የመንገዷን ወሬ ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። ማታ አልጋው «በይ፣ ተኚ» አለ። ሬሲያቶ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተኛች።

ጠዋት አባቷ ሊወስዳት መጣ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ቁጭ በል፣ ወሬውን ልንገርህ» አለው። አባትየው እስከ መጨረሻው «እሺ፣ እሺ» እያለ ሰማና ብቻውን ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ተረቴን መልሱልኝ። ዳቦውን ተዉት፤ ፍራሽ ካላችሁ አንጥፉልኝ።