በሁለቱም ይነበባል

አንድ መምህር ነበረ። ‹ነበሩ› ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን በምሳሌ ውስጥ አንቱታ የለም። ገበሬውም ባለጸጋውም ንጉሡም ‹ነበረ› ነው የሚባለው፤ እሱም እንደነሱ ይባል።

ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ነገ ኮሚቴው ፊት ድምፀ ተአቅቦ ባደርግ በደል ይሆንብኛል?» ነው ያልከኝ። ተማሪህ የመመረቂያ ጽሑፏን ከሌላ ሰው ገልብጣለች ተብላ ተከሳለች። አማካሪዋ ስለነበርክ ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ አድርገውሃል። ለእሷ ተከራክረህ ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋር መጣላት አትፈልግም፤ እጅህን አውጥተህ እሷን ማስባረርም አትፈልግም። መሀሉን መረጥክ። እንግዲያው ስማ።

ይህ መምህር የቋንቋ ሰው ነበረ፤ ስሙም የታወቀ። ሐሙስ ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ግራቪሊያው ሥር ባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ ተማሪዎችም ይከቡታል። ሌሎች መምህራንም ይመጡ ነበር፤ በበጋም ጃንጥላ የማይለየው የታሪክ መምህር፣ ድንጋይ ሲሸከም ኪሱ ተቀዶ ያለቀ የጂኦሎጂ መምህር። እዚያ ደረጃ ላይ ማንም ማንንም አይፈራም። የታሪኩ መምህር ዓመተ ምሕረት ሲስት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያርመዋል። እሱም፣ «እንካ ጃንጥላዬን ያዝ፤ ቦታዬን ልትወስድ ነው መሰለኝ» ይለዋል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ከዚያ ወዲህ የትም አልሰማሁም።

የመምህሩ መጫወቻ ማጥበቅና ማላላት ነበር። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ እንደማይጽፍ ታውቃለህ፤ ፍቺውን የሚለየው የአንባቢው አፍ ነው። መምህሩ የሲጋራ ፓኮ ላይ ይጽፍና «እስቲ አንብቡ» ይላል። አንድ ቀን «ዋናው ዋና ነው» ብሎ ጻፈ። ሁሉም ሲደናበር አንድ የጎርጎራ ልጅ፣ «ጣና ዳር ለተወለደ ሰውማ ዋናው ዋና ነው» ብሎ አነበበለት። መምህሩ በሳቅ ፈርሶ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ።

ሌላም ልማድ ነበረው። የተማሪ ጽሑፍ ሲያርም ‹እኔ›ን እና ‹እሱ›ን ባየ ቁጥር በቀይ ይሰርዛል። «ባለቤቱ ግሱ ውስጥ አለ፤ ሁለት ጊዜ አትጥራው» ይላል።

ከተማሪዎቹ አንዱ ይህን መምህር ይወድ ነበር። ሐሙስ እስኪደርስ ቀኑን ይቆጥራል። አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛውንም ወደ ደረጃው አምጥቶ ነበር፤ ይህ ጓደኛው በልጅነት ሕመም ግራ ጆሮው የደነቆረ ነው። መምህሩ ይህን ስለሚያውቅ ልጁ ሲመጣ በግራው በኩል ቦታ ይለቅለታል። «ና በዚህ፤ የሚሠራውን ጆሮህን ላግኘው» ይለዋል።

አንድ ቀን ተማሪዎች በምግብ አዳራሹ ወጥ ተቆጥተው ደጁ ላይ ተሰበሰቡ። ዲኑ መጣና እንዲበተኑ አዘዘ። ሁሉም ተበተነ። ያ ጆሮው የማይሰማው ልጅ ግን ጎንበስ ብሎ ባንቧ ሥር ሳህን ያጥብ ነበር፤ ቀና ሲል ብቻውን ቆሟል። ትእዛዝ ጥሷል ተብሎ ተከሰሰ። ያ ሐሙስን የሚቆጥረው ጓደኛውም ለምስክርነት ወረቀት ደረሰው። «ስለ ዲኑ ትእዛዝ የምትለውን በአጭሩ ጻፍ» ይላል።

ተማሪው መጀመሪያ «እሱ አልሰማም» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ቀዩ ብዕር ትዝ አለው። ‹እሱ› ትርፍ ነው። በንጹሕ ወረቀት ገለበጠና አንዲት ቃል አስረከበ፦ «አልሰማም።»

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አምስተኛው መምህሩ ነው። ሰብሳቢው መንገድ ሥራ የሚያስተምር ሰው ነበር። ወረቀቱን አንሥቶ ‹ማ›ን አላልቶ አነበበው፤ እኔ ትእዛዝ አልቀበልም እንደሚል ሰው።

ተማሪው ፈገግ አለ። ሐሙስ መሰለው። መምህሩ አሁን «እስቲ አጥብቃችሁ አንብቡት» ይላል ብሎ ወደ እሱ ተመለከተ። መምህሩ ወረቀቱን ያያል እንጂ እሱን አያይም።

«‹ማ› ትጥበቅልኝ» አለ ተማሪው። «ጓደኛዬ አልሰማም ማለቴ ነው።»

«እኛን ሰዋስው ልታስተምር ነው የመጣኸው?» አለው ሰብሳቢው። ከዚያ ዞሮ፣ «ዶክተር፣ መቼም የቋንቋ ሰው እርስዎ ነዎት። ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚነበበው?» ሲል ጠየቀ።

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። በመሐረቡ ጠረገው። በዚህ ጊዜ እንባ አልነበረበትም።

«በሁለቱም ይነበባል» አለ።

ውሸት አልተናገረም። ልብ በል፣ አንድም ውሸት የለበትም። የትኛውም ምሁር ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን ያንን ልጅ በግራው በኩል የሚያስቀምጠው እሱ ነበር። ‹እሱ›ን የሚሰርዘውም እሱ ነበር።

ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፦ «ትእዛዝ እንደማይሰማ በጽሑፍ አረጋግጧል፤ ኮሚቴው ፊትም ስቋል።» ተማሪው ሊመረቅ ሦስት ወር ሲቀረው ተባረረ። ጓደኛው በማስጠንቀቂያ ታለፈ፤ የባሰ ጥፋተኛ ተገኝቷላ።

የተባረረው በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረ። በሚጽፈው ደብዳቤ ሁሉ ‹እኔ›ና ‹እሱ› ሞልቶበታል፤ አለቆቹ «ደብዳቤህ ይረዝማል» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብዕሩን ያስቀምጥና በመስኮት ይመለከታል። ማንም ለምን ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈ። መምህሩ ጡረታ ሲወጣ የስንብት በዓል ተደረገለት፤ የቀድሞ ተማሪዎቹ ሁሉ ቃላቸውን የሚያሰፍሩበት ትልቅ መዝገብ ተዘጋጀ። ያም ሰው በአውቶቡስ መጣ። መጀመሪያ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሄደ። ግራቪሊያው ተቆርጦ በቦታው ጄኔሬተር ቆሟል። ደረጃው ግን አለ። ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ልብ ሲል በግራውም በቀኙም የሰው ቦታ ለቆ ነው የተቀመጠው።

ከዚያ በዓሉ ወዳለበት አዳራሽ ገብቶ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ አንዲት ቃል ጻፈ፣ ያለ ‹እኔ›፣ ያለ ‹እሱ›፦ «አልረሳም።»

መምህሩ ጎንበስ ብሎ ቃሉን አየው። ‹ሳ›ን ቢያጠብቃት ቃሉ ስለ ራሱ ስለ መምህሩ ይሆናል፤ ቢያላላት ስለ ጸሐፊው። ብዙ ጊዜ አየው።

«ልጄ» አለው፣ «ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

«በሁለቱም ይነበባል» አለና ወጣ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ያቺ ልጅ ነገ ወረቀት ላይ ያለች ቃል ናት። አራቱ ሰዎች የሚያውቁት ወረቀቱን ነው፤ እንደፈለጉ ያንብቧት፣ እነሱን አልቀየምም። አንተ ግን ድምፅዋን ሰምተሃል። ዓመቱን ሙሉ ቢሮህ ቁጭ ብላ ተከራክራሃለች፤ ሦስተኛውን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አፍርሳ እንደገና ስትጽፈው አይተሃል፤ ሁለተኛውን ጊዜ ያስፈረስካት ራስህ እንደሆንክ አንተው ነህ የነገርከኝ። እንዴት እንደምትነበብ እያወቅክ ድምፀ ተአቅቦ ስታደርግ፣ ያው «በሁለቱም ይነበባል» ማለትህ ነው። ውሸት አይሆንብህም። ሹመትህንም አይነካብህም፤ የእሱን አልነካበትም።

ተማሪው ማን እንደሆነ ልትጠይቀኝ አፍህን ከፍተሃል፤ ተወው። ጥያቄህ እሱ አልነበረም። ነገ ሰብሳቢው እሷን አላልቶ ሲያነባት ቀና ትልና ታይሃለች፤ ፈገግም ትል ይሆናል። ያን ጊዜ እጅህ ወደ መነጽርህ እንዳይሄድ።